የአርመን ሮክ ማንን ነው የሚወቅሰው?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በጣም ስለረዘመና ብዙ ሰው መሀል ላይ እየገባ ግራ ስለተጋባ፣ የተባለውን ከላይ ጀምሬ በራሴ ቃል ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሳው ከሥራ ቦታ ነው። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የምሠራው ግን ግሌንዴል፣ አርመኖች በብዛት ከሚኖሩበት ከተማ ነው። መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ፣ በዕድሜ በጣም የሚበልጠኝ አርመን አለ። አርመን ውስጥ ያለችው የጉምሪ ከተማ ልጅ ነው። አንድ ቀን ዕቃ ስናራግፍ ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን የተባለውን፣ እዚሁ አሜሪካ የሚኖሩ አርመኖች የመሠረቱትን የሮክ ባንድ ከፍ አድርጌ ከፈትኩ። የናንተ ልጆች ናቸው፣ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ቅጭም አደረገ። ልጆቹ ጎበዞች እንደሆኑ፣ ነገር ግን የሚጮኹት ለአሜሪካኖች እንደሆነ፣ የአርመንን ሰው ጓዳ እንደማያውቁት ነገረኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ማታ ቤት ገብቼ እዚህ ጻፍኩት። ያልኩት ባጭሩ ይህ ነው፦ እኛ የምናውቀው የአርመን ሮክ የስደተኛ ልጆች ጩኸት ነው። ቱርክን ይወቅሳል፣ ዋሽንግተንን ይወቅሳል። በአርመን ዋና ከተማ ዬሬቫን ላይ የተቀመጠውን የራሱን መንግሥት ግን አይነካም። ሩቅ ያለን መውቀስ ደግሞ ቀላል ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ክሩ ተሞልቶ ጠበቀኝ።

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ በጣም ጨዋ ሰው ነው። ከሰላምታ በኋላ የባንዱን ልጆች የትውልድ ቦታ ዘረዘረልኝ። ድምፃዊው ሰርጅ ታንኪያንና ድራመሩ ጆን ዶልማያን የተወለዱት ቤሩት ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሻቮ ኦዳጂያን የዬሬቫን ልጅ ነው። ጊታሪስቱ ዳሮን ማላኪያን የተወለደው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ሆኖ፣ ወላጆቹ ከኢራቅና ከኢራን የመጡ ናቸው። ባንዱ የተመሠረተው በ1994 ነው፤ አራት አርመኖች ከተለያየ አቅጣጫ ተሰበሰቡ ማለት ነው። ሰውዬው እንዳለው፣ ይህ ዝርዝር ራሱ የ1915ቱ የአርመኖች ጭፍጨፋ ካርታ ነው። የኦቶማን (የቱርክ) መንግሥት አያቶቻቸውን ባያሳድድ ኖሮ ቤሩትም፣ ባግዳድም፣ ግሌንዴልም ባልተገኙ ነበር። የሰርጅ አያት ራሳቸው ከዚያ እልቂት የተረፉ ሕፃን ነበሩ። ታዲያ ለነዚህ ልጆች ጓዳ ማለት ስደቱ ነው፤ ከየት አምጥተው ሌላ ጓዳ ይዝፈኑ ነው ጥያቄው። ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

2ኛው ምስጋና ብቻ ነው።

3ኛው ደግሞ የኔን ክርክር ከሥሩ ነቀነቀው። ዋሽንግተንን መውቀስ ቀላል ነው ማለቴ በጣም አናዶታል። ቶክሲሲቲ የተባለው የባንዱ አልበም ገበያ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2001 ነው። ኒውዮርክ ላይ ሕንፃዎቹ በተመቱበት ሳምንት አልበሙ በአሜሪካ ገበያ አንደኛ ነበር። በዚያው ሰሞን ሰርጅ ጽሑፍ አወጣ። ሐዘኑን ገልጾ፣ ግን አሜሪካ በመካከለኛው ምሥራቅ ስለምትከተለው ፖሊሲና ስለ ነዳጅ እንነጋገር አለ። ጽሑፉ ከባንዱ ድረ ገጽ ላይ እንዲነሳ ተደረገ፣ እሱም የስድብ ናዳ ወረደበት። ትልቅ የሬዲዮ ኩባንያም ከባንዱ ዘፈኖች አንዱን በዚያ ጊዜ ባይተላለፉ ይመረጣል ካላቸው ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ ከተተው። 3ኛው ነጥቡን የቋጨው እንዲህ ነው፦ ዋሽንግተን ለሰርጅ የባዕድ መንግሥት አይደለም። ግብር የሚከፍለው እዚያ ነው። ስለ እስር ቤቶቹ ብዛት ሲዘፍን፣ በ2005 ደግሞ የኢራቅን ጦርነት ሲያወግዝ፣ የወቀሰው የራሱን ቤት ነው። የኢራቁ ዘፈን በ2006 ግራሚ ማሸነፉን ጨምሮበታል።

እዚህ ላይ ልክ ነው። ራሱን የሚያስተዳድረውን መንግሥት መንካቱን ረስቼ፣ ስሙ አርመን ስለሆነ ብቻ ዬሬቫን ነው የራሱ ብዬ ነበር። እኔ ራሴ ግብሬን የምከፍለው ካሊፎርኒያ ሆኖ፣ እንዴት ይህ እንዳልታየኝ አላውቅም።

4ኛው ከረር ያለ ነው። ካሊፎርኒያ ተቀምጦ መጮህ ማንንም እስር ቤት እንደማያስገባ፣ ስድብ ደግሞ ዋጋ ተብሎ እንደማይቆጠር ጻፈ። ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ሄደ። ግን ብዙ ሰው ወደደለት።

5ኛውን መልስ ስታነቡ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው። በሰማንያዎቹ ሶቭየት ኅብረት ተምረዋል፤ የተወሰነውን ጊዜ ዬሬቫን ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ማለት የጀመርነው ከዚህ መልስ በኋላ ነው። የአርመን ሮክ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዳልተወለደ፣ እንዲያውም የሲስተም ልጆች ባንዳቸውን ከመመሥረታቸው ብዙ ዓመት በፊት ዬሬቫን ውስጥ እንደነበረ አስረዱን። አርቱር መስቺያን የሚባል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ፣ በስልሳዎቹ መጨረሻ አካባቢ አራክያልነር የሚባል ባንድ መሠረተ። ቃሉ ሐዋርያት ማለት ነው። ሃይማኖትን በሚነቅፍ መንግሥት ሥር፣ ያውም ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ፣ ባንድህን ሐዋርያት ብለህ ስትጠራ ምንም ሌላ ነገር ባትናገር እንኳ ተናግረሃል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚዘፍኑት በሩስኛም በእንግሊዝኛም ሳይሆን በአርመንኛ ነበር።

ጋሼ ዘመኑንም አብራሩልን። ኤፕሪል 24 ቀን 1965፣ የጭፍጨፋው 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ዬሬቫን አደባባይ ወጣ። በሶቭየት ምድር እንዲህ ያለ ሰልፍ ያልተለመደ ነበር። ሞስኮ ደነገጠች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮረብታው ላይ የመታሰቢያው ሐውልት ቆመ። የመስቺያን ትውልድ ያንን ያየ ትውልድ ነው። ዝም ከተባለ ሁሉም እንደሚረሳ፣ ከተጮኸ ግን ድንጋይም እንደሚቆም በዓይኑ አይቷል። የጋሼ የማደሪያ ጎረቤት የሆነ ልጅ የመስቺያንን ዘፈኖች በቴፕ እየገለበጠ ለሚያምነው ሰው ብቻ ይሰጥ ነበር። እሳቸው አርመንኛው ብዙም ሳይገባቸው ይሰሙት እንደነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ግን አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ ማየት ግጥሙን ከመስማት እንደሚበልጥ ጻፉ። በጣም የነካኝ ይህ ነው። ዜማው ለስለስ ያለ ነው፤ እንደ ሲስተም አይጮህም። ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ምን እንደሆነ ያውቃል።

6ኛው ይህ ሮክ ሳይሆን የባለ ጊታር ባለቅኔዎች ዘፈን ነው ብሎ ተከራከረ። ጋሼም በትሕትና መለሱለት፤ ልዩነቱ ለሙዚቃ መምህር እንጂ ለሚሰማው ሰው ብዙም ትርጉም የለውም ባይ ናቸው። እኔም እዚያ ላይ መቆየት አልፈለግኩም።

7ኛው ጉምሪን ሲጠራ ልቤ ዘለለ። ባምቢር የሚባለው ባንድ እዚያች ከተማ በ1978 ተመሠረተ። የገጠር ዜማን ከሮክ ጋር ያዋሐዱ ናቸው። በኋላ ልጆቻቸው ያንኑ ስም ይዘው ሌላ ባንድ ሆኑ፤ እነሱም ይበልጥ ሻካራ ሮክ ይጫወታሉ። ከዚያ ወሬው ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ሄደ። ዲሴምበር 7 ቀን 1988 ስፒታክ ፈረሰች፣ ያኔ ሌኒናካን ትባል የነበረችው ጉምሪም ተደረመሰች። ወደ 25,000 ሰው አለቀ። የሥራ ባልደረባዬ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

8ኛው ይህን ተቀብሎ ስለ እንግሊዝ ሮከሮች ጻፈ። በ1989 ኢያን ጊላን፣ ቶኒ አዮሚ፣ ዴቪድ ጊልሞር፣ ብራያን ሜይ፣ ብሩስ ዲኪንሰንና ሌሎችም ለንደን ስቱዲዮ ገብተው የዲፕ ፐርፕልን የታወቀ ዘፈን እንደ አዲስ ቀድተው ገቢውን ለተጎጂዎቹ ሰጡ። ጊላንና አዮሚ ነገሩን እዚያ ላይ አልተዉትም። በ2011 ሌላ ዘፈን ሠርተው ገንዘቡን ለጉምሪ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አዋሉት። በ2013 አርመንን ወክሎ ዩሮቪዥን በተባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ላይ የወጣው ዶሪያንስ የተባለ የሮክ ባንድ የዘፈነውም አዮሚ የጻፈውን ነው። ከጥያቄዬ ትንሽ ወጥቷል። ግን ባልደረባዬ ስለ አዮሚ ሲያወራ እንደ ዘመድ የሚያወራው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

9ኛዋ ዩሮቪዥን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። እህታችን በ2015 አርመንን የወከለው ቡድን ውስጥ የአዲስ አበባ ልጅ እንደነበረ አስታወሰችን። ቫሄ ቲልቢያን ነው፤ በአማርኛም ይዘፍናል። የጭፍጨፋው መቶኛ ዓመት ስለነበር፣ ከአርመን አንድ ድምፃዊት፣ ከየአህጉሩ ደግሞ አንዳንድ የስደት ልጅ ተመርጦ ስድስት ሆነው ቪየና ላይ ዘፈኑ። አፍሪካን የወከለው የኛው ልጅ ነው። የዘፈኑ የመጀመሪያ ርዕስ አትካዱ የሚል ነበር። ፖለቲካ ነው የሚል ቅሬታ ሲመጣ ርዕሱ ተቀየረ፤ ግጥሙ ውስጥ ግን ቃሉ ቀረ። ለ9ኛዋ ይህ ከሲስተም ጩኸት ያላነሰ ነገር ነው። ሮክ ባይሆንም እስማማለሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሀገር ቤት ተመለሰ። 10ኛው አርባ ልጆችን አነሳ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም፣ አርመኖች ገዳም ውስጥ፣ ከጭፍጨፋው የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ አይተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1974 የተዘመረውን የኢትዮጵያን መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርን ኦርኬስትራ ያሠለጠኑ ናቸው። 11ኛው አያቱ ፒያሳ አርመን ጫማ ሰፊ ጎረቤት እንደነበራቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችንም እምነት አንድ ስለሆነ በበዓል እንደሚጠያየቁ ጻፈ። ደስ የሚል ነው። ግን ሦስት አራት ሰው ሰፈር ስለ ሰፈር ማውራት ሲጀምር ገብቼ ወደ ጥያቄው እንመለስ አልኩ። ባልል ይሻል ነበር መሰለኝ፤ የተመለስነው ወደ ጠብ ነው።

12ኛው ሙዚቀኛ ከፖለቲካ ይውጣ የሚል ነው። እንደሱ አባባል እነዚህ ልጆች የጦርነት ቀስቃሾች ናቸው። ማስረጃው የ2020 ዘፈኖች ናቸው። ያኔ አርመንና አዘርባጃን በሚወዛገቡበት ግዛት የተነሳው የካራባክ ጦርነት 44 ቀን ፈጀ። ሲስተም ከ15 ዓመት ዝምታ በኋላ ኖቬምበር ላይ ሁለት ዘፈን ለቀቀ፤ አንዱ መሬቱን ጠብቁ ይላል። ገቢው፣ ከ600,000 ዶላር በላይ፣ ለአርመን መርጃ ፈንድ ሄደ። 12ኛው በዘጠናዎቹ ከካራባክና ከዙሪያው ወረዳዎች የተፈናቀሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዘርባጃናውያን በየትኛው ዘፈን ውስጥ እንዳሉ ጠየቀ።

13ኛው በቁጣ መለሰ። ከስድቡ ውስጥ አንዱ መስመር በመድረኩ አስተዳዳሪ ተሰርዟል፤ ተገቢ ነው። ስድቡን ትተን ነጥቡን ብንወስድ ግን ከባድ ነው። ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ ወደ ካራባክ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ሕዝቡ ሲራብ፣ ሰርጅ ኢማጂን ድራጎንስ የተባለውን የአሜሪካ ባንድ በአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ ላይ ልታቀርቡ ያሰባችሁትን ኮንሰርት ተዉ ብሎ ጽፎላቸው ነበር። አልተዉም፤ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023 ተጫወቱ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ካራባክ በአዘርባጃን ተጠቃ፣ ከ100,000 በላይ አርመን በቀናት ውስጥ ቤቱን ዘግቶ ወጣ። በ13ኛው ዓይን ከፖለቲካ ይውጡ የተባሉት ሙዚቀኞች ባኩ የተጫወቱት ናቸው፤ እነሱም ዝም በማለት ፖለቲካ ውስጥ ነበሩ።

እኔ እዚህ ላይ ሁለቱንም አዳምጫለሁ። የ12ኛው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። የጦርነት ጊዜ ዘፈን የሌላውን እናት አያይም፤ ባያይ አይገርምም፣ ግን ጎዶሎነቱ ጎዶሎነት ነው። ሙዚቀኛ ዝም ይበል የሚለውን ግን አልቀበልም። ዝም ቢሉ ኖሮ እኔም እናንተም ዛሬ ስለ 1915 የምናውቀው በጣም ጥቂት በሆነ ነበር። እኔ ጭፍጨፋው መኖሩን የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከዚሁ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። ትልቁን ወንድሜን ግጥሙ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቄው፣ እሱም ስላላወቀ አብረን ፈልገን አነበብን።

14ኛው ሁላችንም ውሃ እንድንጠጣ መከረ።

15ኛው መልስ ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰው ነው። ዬሬቫንን አይነኩም ላልኩት ሦስት አጋጣሚ ቆጠረልኝ። አንደኛ፣ በ2013 ምርጫው ተጭበርብሯል የሚል ክስ ሲነሳ ሰርጅ ለአርመን ፕሬዚዳንት ሰርዥ ሳርግስያን ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፕሬዚዳንቱም በደብዳቤ መለሱለት። ሁለተኛ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2015። ሲስተም ለመጀመሪያ ጊዜ አርመን ገብቶ፣ ዬሬቫን ሪፐብሊክ አደባባይ ላይ፣ በነፃ፣ በዝናብ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫወተ። በማግስቱ መቶኛው ዓመት ይታሰባል። ሰርጅ ያን ቀን ስለ ቱርክ ብቻ ተናግሮ ቢወርድ ማንም አይከፋበትም ነበር። እሱ ግን በመንግሥቱ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ ብዙ መንገድ ብንመጣም እቤታችን ውስጥ የሚቀር ሥራ ብዙ ነው፣ ተቋማዊ በደሉ ይብቃ የሚል ነገር ተናገረ። ሁለት ወር ሳይሞላ የዬሬቫን ወጣቶች የመብራት ዋጋ ጭማሪ ተቃውመው ባግራምያን ጎዳና ላይ ተቀመጡ፤ ፖሊስ በውሃ በተናቸው፤ ተመልሰው መጡ። ሦስተኛው 2018 ነው። የተቃዋሚው መሪ ኒኮል ፓሺንያን ሳርግስያንን በመቃወም በእግሩ ወደ ዬሬቫን የተነሳው ከጉምሪ ነው። ኤፕሪል 23 ላይ ሳርግስያን ሥልጣን ለቀቀ፣ ሜይ መጀመሪያ ላይ ሰርጅ ዬሬቫን ገብቶ ከሕዝቡ ጋር አደባባይ ቆመ።

15ኛው ኮንሰርቱ ሰልፉን ወለደ አላለም። እኔም አልልም። ሰዉ የራሱ ብሶት ነበረው፤ በ2008 ከምርጫ በኋላ አሥር ሰው የተገደለባት ከተማ ናት። ግን ያ ንግግር ሩቅ ያለን ብቻ ይወቅሳሉ ያልኩትን አፈረሰብኝ። በትልቅ ሐዘን ዋዜማ፣ ሁሉም ጣቱን ወደ ውጭ በሚቀስርበት ቀን፣ ወደ ውስጥ መቀሰር ከባድ ነው። የዚያን ቀን ቪዲዮ አግኝቼ አየሁት። ዝናቡ ይታያል። ልጆቹ ግጥሙን በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ያውቁታል።

16ኛው ባንዱ ራሱ አንድ ሐሳብ እንደሌለው ጨመረ። በ2020 ዶልማያን ትራምፕን ደግፎ በግልጽ ሲጽፍ ሰርጅ ተቃራኒው ነበር። ሁለቱ እህትማማቾችን ያገቡ ናቸው። በዚያው ዓመት ግን ስለ ካራባክ አብረው ቀዱ።

የ17ኛዋ መልስ አጭር ነው። ክርክሩን ትታ፣ የመስቺያን ግጥም ምን እንደሚል አንድ ሰው በአማርኛ ይተርጉምልኝ አለች። ማንም አልመለሰላትም። ጋሼም አርመንኛዬ ዝጓል ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ባልደረባዬ ጋ ሄድኩ። ክሩን ነገርኩት፤ በተለይ የቴፑን ታሪክ። ዝም ብሎ ሰማኝ። እሱም ጉምሪ ሳለ እንዲሁ ይገለብጡ እንደነበር ነገረኝ። የ2015ቱን ንግግር ስነግረው፣ ልጁ እንዲህ ማለቱን አልሰማሁም ነበር አለና ስልኬን ተቀብሎ ቪዲዮውን ቆሞ አየ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ግጥሙን መተርጎም ጀመርን። እሱ አርመንኛውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። መሀል ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ ጻቭድ ታኔም አለኝ። ግጥሙ ውስጥ የለም፤ አርመኖች ለሚወዱት ሰው የሚሉት ነው። ሕመምህን እኔ ልውሰድልህ ማለት እንደሆነ ሲያብራራልኝ፣ እኛም ለኔ ያድርገው እንደምንል ነገርኩት። ደጋግሞ አስባለኝ፣ እሱም ሞከረው።

እስካሁን የመጀመሪያውን አንጓ ጨርሰናል። እህቴ፣ ሲያልቅ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።